የአባታችን ሰዓት 48 ቦታ ሲከፈል

አባታችን (አላህ ይዘንለት) የሞተው ሐሙስ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ለሱብሒ አዛን ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቶ ነበር። ሰዓቱ እጁ ላይ ነበረች። ገላው ሊታጠብ ሲል ታላቅ ወንድማችን ፈታትና ኪሱ ከተታት። በኋላ ቡፌው ላይ አስቀመጣት፤ ከዚያ ሁላችንም ረሳናት። ከዙህር በኋላ ተሰገደበት፣ ኮልፌ ወስደን ቀበርነው። ሰዓቷ ግን መካኒሳ አቦ፣ ቡፌው ላይ፣ መሄዷን አላቆመችም።

ሲኮ 5 ናት። ባትሪ የላትም፣ በእጅም አትሞላም። ውስጧ ግማሽ ክብ የሆነች ከበድ ያለች ብረት አለች። የለበሳት ሰው እጁን ባወዛወዘ ቁጥር ያቺ ብረት ትዞራለች፣ እሷ ስትዞር ሞላው ይጠብቃል፣ የጠበቀው ሞላ ቀስ እያለ ሲላላ ሰዓቱ ይሄዳል። በደንብ የተሞላች ከሆነ ከእጅ ወልቃ 40 ሰዓት ገደማ ትቆያለች። አባታችን በመጨረሻዎቹ ቀናት ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ውዱእ ሲያደርግለት ታላቅ ወንድማችን ክንዱን ያነሳው ነበር። ሌላው እንቅስቃሴው የተስቢሕ ጣቶቹ ብቻ ነበሩ። ሰዓቷ ሐሙስን ሙሉ የሄደችው በዚያች እንቅስቃሴ ነው።

ጁሙዓ ሰግደን ስንመለስ ቆማለች። 3 ሰዓት ከ20 ትላለች። በመስኮቷ ላይ ቀኑ በዐረብኛ «አልጁሙዓ»፣ ቁጥሩ 17። ግድግዳው ላይ ያለው የሀገራችን ካላንደር ኅዳር 21 ይላል። ስልካችን ዲሴምበር 1 ይላል። ትንሿ እህታችን «ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው 17 የምትለው?» ብላ ብድግ ስታደርጋት፣ ከመነሳቷ ብቻ፣ ሰዓቷ እንደገና መሄድ ጀመረች። እህታችን ደንግጣ ልትጥላት ነበር። እንደዚህ ዓይነት ሰዓት ሲነሳ እንደሚነቃ አታውቅም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ አንጽፈውም።

17ቱ ስሕተት አልነበረም። ጁማደል ኡላ 17፣ 1445 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የአባታችንን አሠራር ማስረዳት አለብን፤ ቀሪው ታሪክ ያለሱ አይገባም። አባታችን ልብስ ሰፊ ነበር። መካኒሳ አቦን ለሚያውቅ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በረንዳ ላይ አንድ ማሽን፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ አንድ ጣውላ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአቦ ቤተክርስቲያን ስለሆነ ወር በገባ በ5 መንገዱ በነጠላ ይሞላል፣ ታክሲም አይገኝም። አባታችን በዚያ ቀን ለዙህር ቀደም ብሎ ይነሳል። ጎረቤቶቻችን፣ ክርስቲያኖቹም፣ «ሀጂ» ነበር የሚሉት፤ ሐጅ ሳያደርግ ነው የሞተው። ጠዋት ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚሸኙ እናቶች ስልክ በእጃቸው ይዘው «ሀጂ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ብለው ይጠይቁት ነበር። እሱም ክንዱን ዘርግቶ ያሳያቸዋል፤ በአፉ አይናገርም፣ አፉ ላይ መርፌ አለ።

ሰዓቷን እንደ ማንኛችንም በሀገራችን አቆጣጠር ነበር የሞላት፤ ማለዳ 12፣ ማታ 12። እዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም። ግን ቀን የምታሳይ ሰዓት ያለው ሰው አንድ ነገር መወሰን አለበት። በቀን ውስጥ ሁለት 12 ሰዓት አለ፤ ቀኑ የሚቀየረው በአንደኛው ብቻ ነው። በማለዳው ይቀየር ወይስ በማታው? አብዛኛው ሰው ስለዚህ አያስብም፣ እንደወጣለት ይተወዋል። አባታችን በማታው 12 እንዲቀየር አደረጋት። በሸሪዓ ሌሊቱ ከቀኑ ይቀድማልና፤ ሐሙስ ፀሐይ ስትገባ የጁሙዓ ሌሊት ገብቷል። ሰዓቷም ሐሙስ ማታ ከመግሪብ ገደማ ጀምራ ቀስ እያለች «አልጁሙዓ» ላይ ትደርሳለች። ቁጥሩንም የሂጅራ ቀን አደረገው።

የሂጅራ ወር 29 ወይም 30 ነው፣ ሰዓቷ ደግሞ እስከ 31 ትቆጥራለች። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል። ወሩ 30 ከሆነ አንድ፣ በ29 ጨረቃ ከታየ ደግሞ ሁለት ቀን ይገፋል። ችግሩ፣ ሰዓት ሠሪው አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶት ነበር። «ቀኑ ሊቀየር ሲል ጥርሶቹ ይያያዛሉ፤ ከ9 ሰዓት እስከ ማታው 4 ሰዓት ድረስ ቀኑን እንዳትነካው፣ ትሰብረዋለህ።» ጨረቃ የምትታየው ደግሞ በዚሁ መሀል ነው። ስለዚህ አባታችን ይጠብቃል። የረመዳን የመጀመሪያዋ ሌሊት ተራዊሕ ሰግዶ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ 4 ሰዓት ማለፉን ያያል፣ መሙያዋን በጥፍሩ ሳብ አድርጎ ያዞራታል። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ያሳየናል፤ 1። ለኛ ረመዳን የሚገባው ያኔ ነበር።

አንድ ጊዜ መስታወቷ ተሰንጥቆ ሊቀየር ሄደ። ሰዓት ሠሪው መስታወቱን ቀይሮ፣ ሳይጠየቅ ቀኑንም «አስተካክሎ» መለሰለት። አባታችን ስለ ዋጋ ተከራክሮ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ተመልሶ ሄዶ በረንዳው ላይ ቁጭ አለ፤ ሰዓት ሠሪው እንደነበረች እስኪመልሳት አልተነሳም። ደንበኛ ሆኖ የመጣ ተማሪ «ሀጂ፣ ቀንህ ተሳስቷል» ሲለው፣ ቀና ሳይል «ያንተ ነው» ይለው ነበር።

በልጅነታችን ይህ የሱ ብቻ ግትርነት ይመስለን ነበር። አይደለም። ዑስማኒዎች ለዘመናት ሰዓታቸውን የሚሞሉት ፀሐይ ስትገባ 12 እያደረጉ ነበር፤ ቱርክ ይህን የተወችው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በሂጃዝም «ጉሩቢ» የሚባለው የመግሪብ ሰዓት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ይሠራበት ነበር። በታላላቅ መስጂዶች ሥራው የሶላት ወቅትን መጠበቅ የሆነ «ሙወቂት» የሚባል ሰው ነበር። በደማስቆ የኡመውያ መስጂድ ያገለገለው ኢብኑ ሻጢር፣ እ.ኤ.አ. በ1375 የሞተው፣ በሥነ ፈለክ ታሪክ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው፤ ደመወዙ ግን የሚከፈለው ለአዛን ሰዓት ነበር። እነሱ ጋ የፀሐይ መግቢያ ከክረምት በጋ በጣም ስለሚራራቅ ሰዓታቸውን በየጊዜው ማስተካከል ነበረባቸው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ያን ያህል አይለዋወጥብንም። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ኅዳር ገደማ 12 ሰዓት ከ5 አካባቢ፣ ሐምሌ ላይ 12 ሰዓት ከ48 አካባቢ ትገባለች። ዙህርም ጥቅምት መጨረሻ 6 ሰዓት ከ8 ገደማ፣ የካቲት መጀመሪያ 6 ሰዓት ከ39 ገደማ ነው። አባታችን እነዚህን ቁጥሮች ከመጽሐፍ አላነበበም። ማሽኑ ላይ ያለው ጥላ የት ሲደርስ አዛን እንደሚል ያውቅ ነበር፤ ሰዓቷን የሚያያት ጥላውን ለማመሳከር ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። ሰዓቷን የገዛችው ታላቅ እህታችን ናት።

2004 ላይ ጅዳ ለቤት ሠራተኝነት ሄደች። በሦስተኛ ወሯ ደመወዝ ስትቀበል፣ ለቤት ከምትልከው በፊት፣ 200 ሪያል አውጥታ ገዛቻት። ወርቅማዋ ከነጯ ይልቅ ታምር ነበር ትላለች፤ ወርቅ ለወንድ ሐራም ስለሆነ አባታችን መልኩንም እንደማይወድ ስለምታውቅ ነጯን መረጠች። የቀኖቹ ስም በዐረብኛም እንደሚታይ ሱቁ ውስጥ ሲነግሯት ደስ አላት። ወደ ሀገር በሚገባ ሰው እጅ፣ በካልሲ ጠቅልላ ላከችለት። አባታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጁ ያወለቃት ለውዱእና ለመኝታ ብቻ ነው። ስትደውል ሰላምታ ሳይጨርሱ «አለችልህ?» ትለዋለች፤ «አለች፣ እየሄደች ነው» ይላታል። እሷን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየናት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድማችን ደግሞ ታክሲ ላይ ይሠራ ነበር። አባታችን ሲታመም ሥራውን ትቶ ዘጠኝ ወር አስታመመው። ያነሳው፣ ያጠበው፣ ሌሊት የተነሳለት እሱ ነው። ሌሎቻችን እንረዳ ነበር እንጂ እንደሱ አልነበርንም፤ ይህን ካልተናገርን ሐቁን መደበቅ ይሆናል።

በሦስተኛው ቀን ወንድማችን መስጂድ በር ላይ ቆሞ «አባታችን ዕዳ ያለበት ካለ ንገሩን» አለ። ክር የሚያቀርብለት ባለሱቅ 800 ብር አለኝ አለ፤ ተከፈለ። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ አይወረስም። የቀረው ማሽኑ፣ ትንሽ ገንዘብ፣ ጥቂት ጣቃ ጨርቅና ሰዓቷ ነው። ማሽኑ ተሸጠ፣ ገንዘቡ ሊከፈል ሆነ። ስለ ሰዓቷ ማንም አልተናገረም። ወንድማችን ግን አንድ ቀን ወደ መግሪብ ሲሄድ እጁ ላይ አየናት።

ትንሿ እህታችን በኢሞ ለጅዳ ነገረቻት። ጅዳም «የኔ ናት፣ የገዛኋት እኔ ነኝ፣ ወደኔ ትመለስ» አለች። ወንድማችንም «የታላቅ ወንድ ልጅ ናት፤ ደግሞስ ማን ነው ከእጁ ላይ የፈታት?» አለ። እናታችን ዒዳ ላይ ሆና ይህን እየሰማች ነው። በሃያ ቀን ውስጥ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች በስልክ መነጋገር አቆሙ። ምክንያቱ አንዲት የእጅ ሰዓት።

ጉዳዩን ለኡስታዛችን ወሰድነው። ለትልልቅ ውርስ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከረው። ለአንድ ሰዓት እዚያ መሄድ አሳፈረን። ኡስታዙ ግን ነገሩን አላቀለሉትም። መጀመሪያ የጠየቁት «ሰዓቷ ስንት ታወጣለች?» ነው። ገርሞን ዝም አልን። ሰዓት ሠሪው ጋ ሄደን አስገመትናት። ከኋላ ክዳኗን ከፍቶ አየ፣ አዳመጣት፣ «3,600 ብር» አለ።

ከዚያ ኡስታዙ ለሁለቱም ተራ በተራ ነገሯቸው። ለእህታችን፦ ስጦታ ሰጥተሻል፣ አባትሽ ተቀብሎ ለብሷታል፣ የሱ ሆናለች፤ ስጦታን መልሶ መውሰድ በሐዲስ ክፉኛ የተወገዘ ነው። ለወንድማችን፦ ታላቅነትም ሆነ አስታማሚነት አጅር ነው እንጂ የውርስ ድርሻ አይደለም፤ ዘጠኙን ወር የሚከፍልህ አላህ ነው። ሰዓቷ ትርካ ናት። ዕዳው ከተከፈለ በኋላ የሟች መርፌም ብትሆን በሱረቱ ኒሳእ 11ኛና 12ኛ አንቀጾች መሠረት ነው የምትከፈለው።

ወረቀት አወጡ። ልጆች ስላሉ ለሚስት አንድ ስምንተኛ። አያቶቻችን ቀድመው ሞተዋል። የቀረው ሰባት ስምንተኛ ለሁለት ወንድና ለሁለት ሴት፣ ለወንድ እንደ ሁለት ሴት። ክፍልፋይ እንዳይበዛ ሰዓቷን 48 ቦታ ከፈሏት። ለእናታችን 6፣ ለእያንዳንዱ ወንድ 14፣ ለእያንዳንዷ ሴት 7። አንዱ ድርሻ 75 ብር። ለእናታችን 450 ብር፣ ለወንዶቹ 1,050፣ 1,050፣ ለሴቶቹ 525፣ 525።

ትንሿ እህታችን አላስቻላትም። «የገዛችው 7፣ ያልገዛው 14?» አለች። ኡስታዙ አልተቆጧትም። «የገዛችው ሰዓት ለአባቷ ደርሷል፣ ምንዳዋም አላህ ዘንድ ነው። አሁን የምንከፍለው የሷን ሰዓት አይደለም፣ የአባቷን ነው» አሏት። መልሱ ያን ቀን አላረካትም፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ያረካት አይመስለንም። ግን ዝም ብላ ወረቀቱን አጣጠፈችው።

የሚቀጥለውን ነገር ነው ለናንተ ለመጻፍ የተነሳንበት። እናታችን ወዲያው «የኔን 6 ለጅዳዋ ሰጥቻለሁ» አለች። ትንሿ እህታችን 7ቷን ሰጠች። ታናሽ ወንድማችን 14ቱን ሰጠ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ታላቅ ወንድማችን ዞርን። ማንም ምንም አላለም። ግን ዓይናችን «በል እንግዲህ» ይል ነበር። እሱም ጎንበስ ብሎ ቆየና «እኔ አልሰጥም» አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አፈርንበት። እናታችን ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እሱ ቀጠለ፦ «ሁላችሁም ስትሰጡ እኔም በይሉኝታ እንድሰጥ ነው የምትጠብቁት። ልቤ አልፈቀደም። ልቤ ሳይፈቅድ ሰጠሁ ብል ውሸት ነው። ወይ ሰዓቷን ልግዛችሁ፣ ወይ ድርሻዬን ግዙኝ።»

ኡስታዙ ያለ ምንም ማመንታት «ትክክል ብሏል» አሉ። የሙስሊም ገንዘብ ባለቤቱ ከልቡ ካልወደደ በቀር ሐላል እንደማይሆን አስታወሱን። ደግሞም አንድ ነገር ጨመሩ። በየቤቱ ስንት እህቶች «ለወንድሜ ትቻለሁ» ብለው በይሉኝታ ፈርመዋል? ድርሻቸው ስንት እንደሆነ እንኳ ሳይነገራቸው፣ በሽማግሌ ፊት፣ አንገታቸውን ደፍተው። የአባቷን ግቢ ለወንድሟ ትታ፣ ዒድ ሲመጣ እዚያው ግቢ እንደ እንግዳ የምትገባ እህት ስንቶቻችን አናውቅም? «እሱ አሁን ያለውን እነሱ ቢሉት ኖሮ ምን ትሏቸው ነበር?» ብለው ጠየቁን። መጀመሪያ ድርሻ ይታወቃል፣ እጅ ላይ ይገባል፤ መስጠት ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ቀን ወንድማችንን ተቀይመን ነው ከመስጂዱ የወጣነው። ፍርዱ ገብቶን ልባችን ግን ሊቀበል አልፈለገም። አሁን ስናስበው እኛ ስንሰጥ ብዙ የተወልን አይመስለንም። ታናሽ ወንድማችን እጁ ላይ በኩራት የሚያስራት ካሲዮ አለችው፤ ሲኮዋን ፈልጎ አያውቅም። (ይቺ ካሲዮ ኤፍ 91 ደብልዩ የምትባለው ናት። ርካሽ ናት፣ በየገበያው አለች፣ ባትሪዋ ዓመታት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆኑት የጓንታናሞ ሰነዶች ውስጥ ይህችኑ ዓይነት ካሲዮ ማሰር በታሳሪዎች ላይ እንደ ማስረጃ ተቆጥሮ ነበር። ወንድማችን ይህን ካነበበ ወዲህ የበለጠ ይወዳታል።) እኛ ሰዓት የምናየው በስልክ ነው። ለዐስር ስንት ደቂቃ ቀረ ብለን እንከፍተዋለን፣ ቪዲዮ ስናይ ዐስር ያልፋል። ሰዓቷን ከልቡ የፈለጋት፣ ለሱ ውድ የነበረች፣ ታላቅ ወንድማችን ብቻ ነበር። የማይፈልጉትን ነገር ሰጥቶ ለጋስ መባል ቀላል ነው፤ እሱ ያን ዕድል አልነበረውም።

እህታችን በማግሥቱ 1,050 ብር ላከችለት። ተቀበለ። ሰዓቷን ከእጁ ፈትቶ ለእናታችን ሰጣት፤ «እስክትመጣ አንቺ ጋ ትቀመጥ» አለ። በገንዘቡ ምን እንዳደረገበት አልነገረንም፣ አልጠየቅነውምም።

ሰዓቷ ቡፌው ላይ በቡና ሲኒ ውስጥ ተቀመጠች። እናታችን በየቀኑ ሱብሒ ሰግዳ፣ እንዳትቆም፣ ትንሽ ትንሽ ትነቀንቃታለች፤ ወተት እንደምትንጥ። ለምን እንደምትደክም ስንጠይቃት «ዒዳዬን የምቆጥረው በሷ ነው» አለችን። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፣ ወሩም የጨረቃ ወር ነው። ከጁማደል ኡላ 16 ሲቆጠር ረመዳን 26 ገደማ ይደርሳል። ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ይህን አይነግራትም። ስልክ አትነካም። በቤታችን የሂጅራን ቀን የሚያውቅ ነገር ያቺ ሰዓት ብቻ ነበረች።

እና ወር በጨረሰ ቁጥር ማን ያስተካክልላት ነበር? ታላቅ ወንድማችን። ድርሻውን ሸጦ፣ ሰዓቷ የሱ አለመሆኗ ለይቶለት፣ የጁማደል ሣኒያን፣ የረጀብን፣ የሻዕባንን፣ የረመዳንን 1 ያስገባው እሱ ነው። ታክሲውን አቁሞ ይመጣል፣ 4 ሰዓት እስኪያልፍ ሻይ ይዞ ይቀመጣል፣ መሙያዋን በጥፍሩ ይስባታል። ማንም አላዘዘውም። የረመዳን የመጀመሪያዋ ሌሊት እጁን አልዘረጋም፤ ሲኒዋን ከነሰዓቷ አንስቶ በየተራ አሳየን።

እህታችን ከዒዱ በኋላ፣ በሸዋል፣ መጣች። ሁለቱ ኤርፖርት ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ስለ ሰዓት አልተነሳም። ሰዓቷ እጇ ላይ ስትደረግ እስከ ክርኗ ድረስ ተንሸራተተች። ሰዓት ሠሪው ጋ ወሰድናት፣ ከሰንሰለቱ አራት ዘለበት አውጥቶ አጠበበላት። ቀኑን ሊያስተካክል እጁን ሲሰድ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «እንዳትነካው!» አልን። ሳቀ፤ «የሀጂ ናት ለካ» አለ።

አራቱ ዘለበቶች ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። ታላቅ ወንድማችን «እነዚህን ትተዪልኛለሽ?» አላት። «ባለቤቷ እኔ ነኝ አይደል? ስንት ትገዛኛለህ?» አለችው። ደነገጠ። ከዚያ እየሳቀች መዳፉ ላይ አደረገችለት። አሁን የታክሲው ቁልፍ ላይ አሉ።

ከመሄዷ በፊት በነበረው ማታ አጠገቡ አስቀምጦ አስተማራት። በየትኛው አቅጣጫ ቀኑ፣ በየትኛው ቁጥሩ እንደሚዞር፣ ወሩ 29 ከሆነና 30 ከሆነ ስንት እንደምትገፋ። «ከ9 እስከ 4 እንዳትነኪያት» አላት ሦስት ጊዜ። «ጅዳም ሰዓቱ እንደ እዚህ ነው፣ ልዩነት የለውም፣ አደራ።» እውነቱን ነው፤ እነሱና እኛ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ነን።

ዙልቂዕዳ የገባ ሌሊት የቤታችን የኢሞ ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ መጣ። እጇ ላይ የሳሙና አረፋ አለ፣ ሰዓቷ 1 ትላለች። ሥሩ ላይ «አስገባሁት» ብላ ጽፋለች።

ታላቅ ወንድማችን ወዲያው ጻፈ፦ «ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሥራዬን ስጨርስ ነው፤ 4 ካለፈ ቆይቷል» አለችው።